ድምፅን የሚያተርፍ የማንቁርት ቀዶ ሕክምና ምንድን ነው?

ጣትዎን አንገትዎ ፊት ለፊት ባለው ጉብታ ላይ አሳርፈው ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ። ጉብታው ብድግ ብሎ ይመለሳል። ማንቁርት የሚባለው ይኸው ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በድምፁ ቢሆንም የመጀመሪያ ሥራው ዘበኝነት ነው፤ ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገቡ በሩን ይዘጋል። "ትን አለኝ" የምንለው ዘበኛው ሲዘናጋ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ቴዎዶር ቢልሮት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ቪየና ውስጥ ካንሰር የያዘውን ማንቁርት ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አወጣ። እንዲህ የተደረገለት ሰው የሚተነፍሰው አንገቱ ሥር በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ አየሩ በአፉ ስለማያልፍ ድምፁ አብሮ ይሄዳል።

ድምፅ አትራፊው ቀዶ ሕክምና ግን ዕጢውን በዙሪያው ካለ ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር አንስቶ የቀረውን ይተዋል። ዕጢው ትንሽ ከሆነ አንገት አይከፈትም፤ ሐኪሙ በአፍ በኩል በማይክሮስኮፕ እያየ በሌዘር ይቆርጠዋል። ለዚህ የሚደርሱት በአብዛኛው ድምፃቸው ለሳምንታት ሲጎረንን ጉንፋን ነው ብለው ያልተዉት ናቸው። በዚህ ደረጃ ጨረርም አማራጭ ነው።

የሚገርመው ሌላው ዓይነት ነው። ማየርና ሪደር የተባሉ ሐኪሞች በ1959 ባስተዋወቁት ዘዴ ሁለቱም የድምፅ አውታሮች ይወጣሉ፤ ሰውየው ግን ይናገራል! የሚቀረው ከታች ያለው ቀለበት መሰል ልም አጥንትና በላዩ የምትንቀሳቀስ ቢያንስ አንዲት ትንሽ ልም አጥንት ነው። ቀለበቱ ወደ ላይ ተስቦ ከምላስ ሥር ካለው አጥንት ጋር ይሰፋል። ያቺ ትንሿ ወደ ፊት ዘንበል ብላ የምላስን ሥር ስትነካ በሩ ይዘጋል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ሲያርገበግባቸው ድምፅ ይወጣል። የድሮው ድምፅ አይደለም፤ ሻካራና ትንፋሽ የበዛበት ነው።

ስለዚህ "ድምፅ አትራፊ" የሚለው ስም ትንሽ ያሳስታል ባይ ነኝ። ከባዱ ትግል መዋጥን እንደ አዲስ መማር ነው። ለሳምንታት ምግብ በቱቦ ይሰጣል፤ ጉርሻ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ሳል ካልመለሰው የሳንባ ምች ያስከትላል። ሳንባው የደከመ ሰው ይህን አይችለውም። ሐኪሞች ከውሳኔ በፊት ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ድምፅን የሚመለከት አይመስልም፦ "ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ?"