የተነሳሽነት ንድፈ ሐሳቦች ከጎንደር ሲታዩ

በሥነ ልቦና ተነሳሽነት የሚባለው ሰው አንድን ሥራ እንዲጀምር፣ እንዲገፋበትና መሀል ላይ እንዳይተወው የሚያደርገው ነገር ነው። በወሬ ላይ ብዙዎቻችን “ሞቲቬሽን” እንለዋለን። በአማርኛ ተሟልቶ የተጻፈ ነገር እንደልብ ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከዩኒቨርሲቲ ሞጁሎች፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ከሚገዙ ሃንድአውቶችና ከከተማው ኑሮ ነው። የውጭ ጥናቶቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀደሙት አጥኚዎች ነገሩን በደመ ነፍስ፣ በኋላም ረሃብና ጥም በሚፈጥሩት ግፊት ያስረዱት ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና አጥኚ ስኪነር ደግሞ ሽልማት ያገኘ ድርጊት ይደጋገማል አለ።

ማዝሎውና ቆሎ ተማሪው

ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አብርሃም ማዝሎውን ነው። በ1943 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት አምስት ቦታ ከፈለው፦ የሥጋ ፍላጎት፣ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወገን፣ ክብር፣ በመጨረሻም ራስን እውን ማድረግ። የታችኛው በመጠኑ ካልተሟላ የላይኛው ብዙም ትዝ አይልም። ከሃንድአውት የማይጠፋው የፒራሚድ ሥዕል ግን የእሱ አይደለም፤ ኋላ የሥራ አመራር ሰዎች ያመጡት ነው። በ1938 ካናዳ ውስጥ ብላክፉት ከሚባለው ነባር ሕዝብ ጋር ሰንብቶ ስለነበር ሐሳቡን ከእነሱ ወስዷል የሚሉ አሉ። አከራካሪ ነው።

ጎንደር ሆኖ ማዝሎውን ለሚያነብ ሰው ፊቱ ላይ ድቅን የሚለው ቆሎ ተማሪ ነው። በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ሽብሸባ) ሊማር ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ውሻ ያባርረዋል። የሰጡትን ቁራሽ እንጀራ ከጓደኛው ጋር ተካፍሎ፣ ማታ ጎጆው ውስጥ ቀለሙን ሲወጣና ሲወርድ ያመሻል። በፒራሚዱ ከሄድን ይህ ልጅ መጀመሪያ እራት ነበር መፈለግ ያለበት። የፈለገው ግን የኔታ ፊት ሳይሳሳት መድገምን ነው። ማዝሎውም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ለሁሉም ሰው አንድ እንዳልሆነ፣ ላመነበት ነገር ሲል ሁሉን የሚተው እንዳለ ጽፏል። ፈተና ላይ ይህ አይመጣም እንጂ።

ደመወዝ፣ ባጃጅና አበል

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ ፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን አነጋግረው ውጤቱን በ1959 አወጡ። ደመወዝ፣ አለቃና የቢሮ ሁኔታ ሲከፉ ያስመርራሉ፤ ሲሻሻሉ ምሬቱን ያበርዳሉ እንጂ ሥራውን አያስወድዱም። የሚያስወድደው ሥራው ራሱ፣ ስኬቱና ምስጋናው ነው አሉ። ሰው ሲሳካለት ራሱን፣ ሲበላሽበት አለቃውን ስለሚጠራ ዘዴው ብዙ ትችት ገጥሞታል።

ቪክቶር ቭሩም በ1964 ነገሩን ሦስት ጥያቄ አደረገው። ብለፋ ይሳካልኛል? ከተሳካ የሚገኝ ነገር አለ? የሚገኘውስ ያጓጓኛል? ሦስቱ ይባዛሉ፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው። ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለሰውን የባጃጅ ሹፌር እንይ። የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ ያስገባል፤ ከዚያ በላይ ያለው የራሱ ነው። ስለዚህ ገቢው ከሞላ በኋላ ይበረታል። ቤንዚን የጠፋ ቀን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ዜሮ ነውና ጥላ ሥር ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ኤድዊን ሎክ ግልጽና ከበድ ያለ ግብ “የምትችለውን አድርግ” ከማለት የተሻለ ያሠራል ብሏል። መሥሪያ ቤቶቻችንም ግብ ተሞልቶ ሠራተኛ የሚመዘንበትን ቅጽ ወስደዋል። ሁሉም ሰው “በጣም ጥሩ” በሚሞላለት ቦታ ግን ቅጹ ብቻውን ምን ይሠራል?

በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ስታንፎርድ ባለ መዋዕለ ሕፃናት መሳል የሚወዱ ልጆችን መረጡ። አንዱን ቡድን “ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ” አሉት። ሌላው ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘ። ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲያዩ ቃል የተገባለት ቡድን ለሥዕል የሰጠው ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ደስ ብሏቸው የሚሠሩት ነገር የክፍያ ሥራ ሆነባቸው። ግኝቱን የማይቀበሉ አጥኚዎች ቢኖሩም እኛ አገር ሥልጠና ሲጠራ የመጀመሪያው ጥያቄ “አበል አለው?” መሆኑን ያየ ሰው ለማመን አይቸገርም። ያው ጠያቂ በጥምቀት ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነሳ ሲያነጥፍ ይውላል፤ አበል ቢሰጡት ይቀየማል።

የቡድን ሥልጠናው

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ውስጣዊ ተነሳሽነት ሦስት ነገር ይሻል ይላሉ፦ በራስ መወሰን፣ መቻልን ማየትና ከሰው ጋር መተሳሰር። ጎንደር ይህን ሳትጠራው ስትሠራበት ኖራለች። ለጎንደር ቅርብ በሆነው በደምቢያ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። እዚያ አብረው ይኖራሉ፣ ችግሩን አብረው ያጠናሉ፣ መፍትሔውን ራሳቸው ያቅዳሉ። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም አለ። ከዚያ የተመለሰ ተማሪ መጀመሪያ የሚያወራችሁ ስለ ቁንጫው ነው። ቀጥሎ፣ በባትሪ ብርሃን ስላዋለዱባት ሌሊት።