«ከገባ ይተኩሳል»፦ ስለ አደን ጠመንጃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ፣ አጎቴ ቤት፣ አንድ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለ። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የገዛው ነው። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል። ጠመንጃው ግን ከሳጥን የሚወጣው ለመወልወል ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ እየወለወለው ነበር። አጠገቡ አንድ ወዳጁ የሰጠው ጥይት በላስቲክ ተቋጥሮ ተቀምጧል። አብዛኛው ቀይ ነው። አንዷ ብቻ ቢጫ ነች። አንስቶ በቀኙ አፈሙዝ ከተታት። ሸርተት ብላ ገባችና ከዓይናችን ጠፋች። «አቦ፣ ገባች እኮ!» አለ ደስ ብሎት።

ችግሩ መግባቷ ነው። ከማጉረሻው አልፋ አፈሙዙ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ተሰክታለች። ጠመንጃውን እንደተከፈተ ወደ መስኮቱ ብናዞረው በግራው አፈሙዝ ብርሃን ይታያል፣ በቀኙ ጨለማ ነው። ብናዘነብለው አልወጣችም። እጃችንን ሰብስበን ለባለሙያ ተውነው።

ያን ቀን ነው ስለዚህ መሣሪያ የሚወራው ነገር ስንቱ ስህተት እንደሆነ ልብ ያልኩት።

«ከገባ ይተኩሳል»

ቢጫዋ ባለ 20 ጌጅ ነበረች፤ ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው። ጠመንጃው ባለ 12 ነው። ይህ በአደን ጠመንጃ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ በጣም አደገኛው ነው ብል አላጋነንኩም። ምክንያቱም ስህተቱ አይታይም። የባለ 20 ጥይት በባለ 12 አፈሙዝ ውስጥ ወደፊት ሄዶ ሲሰካ፣ ከኋላው ያለው ማጉረሻ ባዶ ይመስላል። ሰውየው ቃታ ይስባል። ጥይቱ አይፈነዳም፤ መርፌው አይደርስበትማ። «ለካ አላጎረስኩም» ይላል። ከፍቶ ያያል፣ ባዶ ነው። ባለ 12 ያጎርሳል። እንደገና ይስባል። አሁን ከፊት ያለው ጥይት መንገዱን ዘግቷል። አፈሙዙ የሚፈነዳው ደግሞ ግራ እጅ ጠመንጃውን ደግፎ በሚይዝበት አካባቢ ነው።

ባለ 20 ጥይት በተለምዶ ቢጫ ሆኖ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀለሙ ጌጥ አይደለም። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ኪስ፣ በአንድ ቦርሳ፣ በአንድ ላስቲክ አትያዙ። አጎቴ ቤት የሆነው በዚያች ላስቲክ የተነሣ ነው።

«ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጠመንጃውም ትልቅ ነው»

ግልባጩ ነው። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም 453.6 ግራም፣ 12 እኩል ድቡልቡል ኳሶች ላይ ቢከፋፈል የአንዱ ኳስ ስፋት የባለ 12 አፈሙዝ ስፋት ነው። 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 20 ቦታ ቢከፋፈል ኳሱ ያንሳል፤ 15.6 ሚሊ ሜትር። ባለ 16 መሃል ላይ 16.8 ነው። ከዚህ ሕግ የሚወጣው 410 የሚባለው ትንሹ ነው። እሱ ቀጥታ ልኬት ነው፤ 0.410 ኢንች፣ ወደ 10.4 ሚሊ ሜትር።

«70 ሆነ 76፣ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎ ማን ይጨነቃል?»

ጥይቱ ላይ 12/70 ወይም 12/76 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ርዝመቱ የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ ነው። ያልተተኮሰ ጥይት ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ አጭር ይመስላል። ስለዚህ ባለ 76 ጥይት ለ70 በተሠራ ማጉረሻ ውስጥ ምንም ሳያስቸግር ይገባል። ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው ጫፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ጠባቡ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይዘረጋና መውጫውን ያጠባል። ግፊቱ ይንራል።

በተቃራኒው፣ ባለ 76 ማጉረሻ ላይ 70 መተኮስ ይቻላል። በአሮጌ ጠመንጃ ነገሩ ይከብዳል፤ 65 ሚሊ ሜትር ማጉረሻ ያላቸው የድሮ ጠመንጃዎች አሉና። ብረትና አረብ ብረት ተጠምዝዞ የተሠራ፣ ላዩ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ መስመር ያለው አፈሙዝ ካያችሁ ደግሞ የጥቁር ባሩድ ዘመን ሰው ነው። በዘመኑ ጥይት አትሞክሩት። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው የሚያምረው።

የትኛው እንደሚስማማ የሚነግራችሁ ጠመንጃው ራሱ ነው። አፈሙዙ ሥር የተቀረጹትን ቁጥሮች አንብቡ። ዝገት በልቷቸው ካልተነበቡ መሣሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ ይለካው።

«ቾክ ኃይል ይጨምራል»

ቾክ የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ጥበት ናት። በባለ 12 ላይ በጣም ጠባቡ፣ ሙሉ የሚባለው፣ ስፋቱን የሚቀንሰው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቢጠጋ ነው። መካከለኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህች ታህል ነገር ከጥይቱ የሚወጡትን ትንንሽ የእርሳስ ፍሬዎች ፍጥነት ይህን ያህል አትለውጥም። የምትለውጠው አበታተናቸውን ነው።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው መኪና ግርግርን ያስብ። በዚያ ጠባብ መንገድ የሚመጣ ሕዝብ ፈረስ መጋላ ሲደርስ ወዲያው አይበተንም። ተጠጋግቶ እንደመጣ ጥቂት እርምጃ ተያይዞ ይሄዳል። ከሰፊ መንገድ የመጣው ግን አደባባዩ አፍ ላይ ይበተናል። የእርሳስ ፍሬዎቹም እንዲሁ ናቸው።

የሚለካበት መንገድ አለው። ከ36.6 ሜትር ላይ ወረቀት ይተኮሳል። ብዙ የመታበት ቦታ ላይ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሰመርና ውስጡ ያለው ቀዳዳ ይቆጠራል። ቾክ የሌለው አፈሙዝ 40 በመቶ ያህሉን ክቡ ውስጥ ያስገባል። መካከለኛው 60፣ ሙሉው 70 በመቶ ገደማ። በቃ፣ ልዩነቱ ይህ ነው።

«እንግዲያው ሙሉው ይሻላል» የሚል አይጠፋም። ለሩቅ አዎ። ከእግርህ ሥር በ15 ሜትር ብር ብላ ለምትነሣ ቆቅ ግን ሙሉ ቾክ ሁለት ዕጣ ብቻ አለው፤ ወይ ትስታታለህ፣ ወይ የሚበላ ሥጋ አይተርፍም። ሌላ ሰውን የሚያሳስት ነገር ምልክቱ ነው። ብዙ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ላይ አንድ ጭረት ወይም አንድ ኮከብ ማለት በጣም ጠባቡ ነው። ጭረቱ ሲበዛ ቾኩ ይሰፋል።

«በማንኛውም ቾክ ማንኛውንም ጥይት»

አይሆንም። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በጥበቱ ሲያልፍ እሺ ይላል። የብረት ፍሬ ግን አይተጣጠፍም። በድሮ ጠመንጃ ጠባብ ቾክ ውስጥ ሲያልፍ አፈሙዙን ሊያሳብጠው ይችላል። ስላግ የሚባለው አንድ ወጥ ጥይትም የሚስማማው ከሰፊ ቾክ ወይም ቾክ ከሌለው አፈሙዝ ጋር ነው። የጥይቱ ካርቶን ላይ ተጽፏል። ካርቶኑን ጥሎ ጥይቱን በላስቲክ የሚሰጥ ወዳጅ ይህንንም ነው የሚጥለው።

«አፈሙዙ ቢያጥር እንደ መጥረጊያ ይጠርጋል»

ይህ ከፊልም የመጣ ነው። ቾክ ከሌለው አፈሙዝ የወጡ ፍሬዎች በየሜትሩ የሚሰፉት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ ነው። በአንድ ሳሎን ርቀት፣ በ5 ሜትር፣ ስፋታቸው ስንዝር አይሞላም። «ማነጣጠር አያስፈልግም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ማሳጠር የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ቾኩ አብሮ ይቆረጣል፣ ድምፁና ነበልባሉ ይብሳል፣ የጠመንጃው ሚዛን ይጠፋል። አፉም ሳያውቁት ወደ ራስ እጅና እግር ለመዞር ይቀለዋል።

«በሕግ ይፈቀዳል፣ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ያዩት የአሜሪካ ነው። እዚያ ከ1934 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፌዴራል ሕግ አጭር አፈሙዝ ያለው የአደን ጠመንጃ ጥብቅ ቁጥጥር አለበት። የዛሬው ወሰን ለአፈሙዙ 18 ኢንች፣ 45.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠቅላላ ርዝመቱም ከ26 ኢንች፣ ከ66 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ከዚያ በታች ማውረድ የሚፈልግ አስቀድሞ አመልክቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ቆርጦ ከዚያ መጠየቅ ራሱ ወንጀል ነው። ብሪታኒያ ወሰኑ 24 ኢንች ነው። ካናዳ ቆርጦ ከ457 ሚሊ ሜትር በታች ማድረስን ከልክላለች። አገር በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩ ይለወጣል።

የኛን አገር የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በፈቃድ ነው። የአሜሪካ 18 ኢንች ድሬዳዋ ላይ ለማንም ፈቃድ አይሆንም። በእጁ የተቆረጠ ጠመንጃ የገባ፣ ለምሳሌ በውርስ የደረሰው፣ ወደ ፖሊስ ሄዶ ይጠይቅ። ብየዳ ቤት አይሂድ።

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ ፍሬ ጉዳት የለውም»

ለወፍ የሚሆነው ትንሹ ፍሬ እንኳ 200 ሜትር ያህል ይሄዳል። ትልልቁ ፍሬ ከ600 ሜትር፣ ስላግ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ሠርግ ላይ ደስታውን በጥይት የሚገልጽ ሰው፣ በዚህ ርቀት ውስጥ የማን ልጅ ጣሪያ ላይ እንደወጣ አያይም።

«ካልተተኮሰ አይበላሽም»

የአጎቴ ጠመንጃ ከባለሙያው ሲመለስ ቢጫዋ ጥይት ወጥታለች። በሌላው አፈሙዝ ጫፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ተገኘ። ጭቃ የምትሠራዋ ተርብ ጎጆዋን ጀምራበታለች፤ አውራ ጣት የምታህል የደረቀ አፈር። ያን እሑድ በዚያ አፈሙዝ ብርሃን አይተን ነበር። ጭቃዋ ጠርዝ ላይ ስለነበረች ግን ልብ አላልናትም። እንዲህ ያለ ትንሽ ደለል፣ ተረስቶ የቀረ የመወልወያ ጨርቅም ቢሆን፣ አፈሙዝ ለማሳበጥ ወይም ለመሰንጠቅ ይበቃል። አሁን አጎቴ ጠመንጃውን ባወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ከፍቶ፣ ባዶነቱን በጣቱ አረጋግጦ፣ ሁለቱንም አፈሙዝ ከኋላ በኩል ወደ መስኮቱ ማዞር ነው። ሁለት ሙሉ ክብ ብርሃን እስኪያይ ድረስ ሌላ ነገር አይነካም።