ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ምንድን ነው? መልቲፕል ስክሌሮሲስ በዓይን የደም ሥሮች ላይ የሚተወው ምልክት

አንዲት ወዳጄ ከለገሃር ተነሥታ የቸርችልን ዳገት በቀትር ፀሐይ በእግሯ ስትወጣ፣ ፒያሳ ሳትደርስ ግራ ዓይኗ ይጋረድባታል። ጥላ ፈልጋ ትንሽ ስታርፍ ይመለስላታል። ከዓመት በፊት ያው ዓይኗ ባንቀሳቀሰችው ቁጥር ያማት ነበር። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ስታይ፣ ወንፊት ላይ ያለው የበርበሬ ቅላት ብዙ ጊዜ እንደ ታጠበ ልብስ ፈዝዞ ታያት። ሕመሙ የዓይን ነርቭ መቆጣት ነበር፤ መነሻው ደግሞ መልቲፕል ስክሌሮሲስ። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ማየሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ይከብደዋል። ዳገቱ ላይ የሚጋረድባት ለዚህ ነው፤ «ድካም ነው» ያሏት ሰዎች ተሳስተዋል።

ሐኪሟ አንጎልን ከሚያሳየው የኤም አር አይ ምስል በተጨማሪ የዓይኗን የደም ሥሮች በኦሲቲ አንጂዮግራፊ ማየት ፈለገ። አገጯን መደገፊያው ላይ አሳርፋ፣ ግንባሯን አስጠግታ፣ መሣሪያው ውስጥ የሚበራውን ትንሽ ምልክት ትኩር ብላ አየች። በጥቂት ሰከንዶች አለቀ። ድሮ የሬቲናን (በዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ንብርብር) የደም ሥሮች አጉልቶ ለማየት ክንድ ላይ ቀለም በመርፌ መስጠት ግድ ነበር፤ እዚህ ግን መርፌም ቀለምም የለም።

ታዲያ ያለ ቀለም ደሙ እንዴት ይታያል? ኦሲቲ በፈረንጆች 1991 ይፋ የሆነ፣ ብርሃን ልኮ ከሬቲና የሚመለሰውን በመለካት ንብርብሮቿን ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ ነው። አንጂዮግራፊው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነሣል። ከፎቅ መስኮት ሆናችሁ አንድን መንገድ በተከታታይ ፎቶ ብታነሡ፣ ሕንፃዎቹ ባሉበት ይገኛሉ፤ የሚለዋወጠው እግረኛው ነው። የተለወጠውን ብቻ ነጥላችሁ ብታቀልሙ መንገዱ ራሱ ይሳላል። በዓይን ውስጥ እግረኞቹ ቀይ የደም ሴሎች ናቸው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ ዓይን ከተንቀሳቀሰ ሁሉም ነገር የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ደሙ እጅግ ዝግ ብሎ ከሄደ ደግሞ ሥሩ የሌለ ይመስላል።

ምስሉ ሲወጣ እንደ ጥልፍ የረቀቀ መረብ ነው፤ መሐሉ ላይ የደም ሥር የሌለበት ጥቁር ክብ አለ። ይህ ጥቁረት ጤናማ ነው፤ ብዙዎች አይተውት ይደነግጣሉ።

ሬቲና የአንጎል አካል ናት ማለት ይቻላል፤ በፅንስ ጊዜ የምትበቅለውም ከእርሱ ነው። በውስጧ ማየሊን ባይኖርም፣ ከኋላዋ ያለው ነርቭ ሲጎዳ የነርቭ ሴሎቿ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ ንብርብሩም ይሳሳል። ጥናቶች እንዳሳዩት መልቲፕል ስክሌሮሲስ ባለባቸው ሰዎች ዓይን ላይኛው የቀጫጭን ደም ሥሮች መረብም ይሳሳል፤ በተለይ ነርቩ ተቆጥቶ በነበረበት ዓይን። የሳሳ ሕብረ ሕዋስ የደም ፍላጎቱም ስለሚቀንስ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን በዚህ ምስል ብቻ ማንም «መልቲፕል ስክሌሮሲስ አለብሽ» ሊባል አይገባም። ስኳር፣ የደም ግፊትና የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማም መረቡን ያሳሳሉ። በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ የአንድን ሰው ዓይን ከራሱ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ነው፤ ለዚያም መሣሪያው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ የተለያዩ መሣሪያዎች ቁጥር አይገጥምምና። ወዳጄ የመጀመሪያውን ምስል ከኤም አር አይ ፊልሟ ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጣለች። በቀጠሮዋ ቀን ይዛው ትሄዳለች፤ የምትነሣውም በዚያው መሣሪያ ነው።