የማራቶን ሯጮች ምስጋና ለአዘጋጆችና ለበጎ ፈቃደኞች

ማራቶን ሮጦ የጨረሰን ሰው ውድድሩ እንዴት ነበር ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ሰዓቱን ይነግራችኋል። ቀጥሎ ስለ ሰዎች ነው የሚያወራው። ውሃ ስላቀበለችው ልጅ፣ ባቱ ተኮማትሮ መንገድ ዳር ሲቀመጥ እግሩን ስላሸለት ሰውዬ፣ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጥልቀው «ጎበዝ!» ስላሉት እናት። ይህ ምስጋና በማራቶን ዓለም የራሱ ልማድ አለው። ታሪክም አለው፤ ማንም ያልጻፈው ግን ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓትም አለው።

እነዚህ ሰዎች ስንት ናቸው? ኒውዮርክ፣ ቦስተንና ቶኪዮን የመሳሰሉ ትልልቅ ማራቶኖች 10 ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማራሉ። እንደ ውድድሩ ስፋት ከሦስት እስከ አምስት ለሚሆኑ ሯጮች አንድ ሰው ማለት ነው። ከነሱ ጀርባ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈላቸው አዘጋጆች አሉ፤ ቁጥራቸው በጣም ያነሰ፣ ሥራቸው ግን ዓመቱን ሙሉ የማያልቅ።

አዘጋጆቹን ሯጩ ብዙም አያያቸውም። የዘንድሮው አጥር ተነቅሎ ሳያልቅ የከርሞው ሥራ ይጀመራል። መንገድ ለማዘጋት ከፖሊስና ከከተማ አስተዳደር ጋር መጻጻፍ፣ አምቡላንስ የት እንደሚቆም መወሰን፣ በዚያ ቀን መኪናቸውን ከግቢ ማውጣት ለማይችሉ ነዋሪዎች አስቀድሞ መንገር፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ መከራየት፣ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደሚበቃ ማስላት። አሰልቺ ሥራ ነው። በደንብ ከተሠራ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም።

አንዱን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው፤ ልኬቱን። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው ስንል ያንን ያረጋገጠው በብስክሌት የነዳ ሰው ነው። በፊት ጎማው ላይ ጆንስ ካውንተር የሚባል ትንሽ ቆጣሪ ይገጠማል። ለካዩ መጀመሪያ ርዝመቱ በትክክል በሚታወቅ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደጋግሞ ተመላልሶ ቆጣሪውን ይፈትሻል፤ ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ተከትሎ፣ ኩርባውን ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ እየታጠፈ ሙሉውን ይነዳዋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሠራው መኪና በሌለበት ሌሊት፣ ፖሊስ እያጀበው ነው። መንገዱ በኋላ አጥሮ እንዳይገኝ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ይጨመራል፤ ለማራቶን ወደ 42 ሜትር መሆኑ ነው። ሯጩ ግን ጨርሶ ርቀትም የሚለካውን የእጁን ሰዓት ሲያይ 42.6 ኪሎ ሜትር ይልበታል፤ «መንገዱን አስረዝመውብናል» ብሎ ያማርራል። ትልቁ ምክንያት ኩርባውን በሰፊው መዞሩና ሰዓቱ በረጃጅም ሕንፃዎች መሀል መሳቱ ነው። ምርጥ ሰዓታችን ብለን የምንኮራበት ቁጥር እውነት የሚሆነው ያ ብስክሌተኛ ሌሊቱን ስለደከመ ነው፤ እሱን ሲያመሰግን የሰማሁት ሯጭ ግን በጣም ጥቂት ነው።

በጎ ፈቃደኞቹ ፊት ለፊት የሚታዩ ናቸው። ሯጩ ጫማውን ሳያስር እነሱ መነሻው ላይ ደርሰዋል። ሻንጣ የሚረከቡ አሉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ባንዲራ ይዘው ለሰዓታት የሚቆሙ፣ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ቫዝሊንና ፕላስተር የሚያቀብሉ፣ ማየት ከተሳነው ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዘው ሙሉውን የሚሮጡ፣ በመጨረሻ ደግሞ መጥረጊያ ይዘው የሚመጡ።

ብዙ ምስጋና የሚያገኘው የውሃ ጠረጴዛው ነው። በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ደንብ መሠረት ውሃ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይቀርባል፤ ብዙ ከተሞች ከዚያም ያቀራርቡታል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብርጭቆው እስከ አፉ አይሞላም፤ ግማሽ ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። በተሞላው ረድፍ ላይ ካርቶን ተነጥፎ ሌላ ረድፍ ይደረደራል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ፤ ብዙኃኑ ሲደርስ መቅጃ ጊዜ አይኖርማ። የሚያቀብለው ሰው ጠርዙን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይዞ ክንዱን ይዘረጋል፤ ሯጩ ሲነጥቀው እጁን በሩጫው አቅጣጫ ትንሽ አስከትሎ ይለቀዋል። ጨምድዶ ከያዘው ውሃው ሁለቱም ላይ ይደፋል። እየጮኸም መናገር አለበት፤ «ውሃ! ውሃ!»። ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ የያዘው የስፖርት መጠጥ ከሆነ እሱም መጮህ አለበት፤ ሯጩ ውሃ መስሎት ስኳር ያለበትን መጠጥ አናቱ ላይ ቢያፈሰው ቀሪውን መንገድ ዓይኑ እየተቃጠለ ነው የሚሮጠው። ይህንን ሁሉ ለአምስት ስድስት ሰዓት፣ ጫማቸው ርሶ፣ ደፋ ቀና እያሉ ነው የሚሠሩት።

ይህ ሁሉ ባይኖር ምን ይሆናል ለሚል፣ 1904ን ያየ ይረዳዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠው በነሐሴ ሙቀት፣ በአቧራማ የገጠር መንገድ ነበር። ውሃ የሚገኘው ከአንድ ሁለት ቦታ በላይ አልነበረም። መኪኖች ሯጮቹን እያጀቡ አቧራውን ያነሡት ነበር፤ አንድ ሯጭ አቧራ ውጦ ሆዱ ውስጥ ደምቶ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፈው። 32 ጀመሩ፣ 14 ጨረሱ። ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ ለንደን ላይ ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፔትሪ ስታዲየም ሲገባ አቅጣጫ ጠፋበት፤ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። የውድድሩ ኃላፊዎች አላስችል ብሏቸው ደግፈው አስጨረሱት። በዚያው ምክንያት ውጤቱ ተሰረዘና ወርቁ ለአሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ሆነ፤ በማግስቱ ንግሥት አሌክሳንድራ ለዶራንዶ ዋንጫ ሰጡት። ደጋፊዎቹ ደንብ ጥሰዋል። እኔ ግን ያንን እጅ ለመውቀስ አልደፍርም።

ሯጭና አዘጋጅ ከአንድ ወገን መሆናቸውን ለማየት የኒውዮርክን ታሪክ የመሰለ የለም። በ1970 ሲጀመር ሴንትራል ፓርክን መዞር ብቻ ነበር፤ 127 ተነሥተው 55 ጨረሱ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ፍሬድ ሌቦው ከጨረሱት ውስጥ ነበር። በ1976 ውድድሩ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች እንዲያካልል ተደረገ፤ ሌቦው ግን ሲያስተባብር ሲሯሯጥ ያንን አዲስ መንገድ እንደ ተወዳዳሪ ሮጦት አያውቅም ነበር። በ1990 የአንጎል ካንሰር ተገኘበት። በ1992፣ በ60 ዓመቱ፣ በመጨረሻ ውድድሩን ሮጠው። አጠገቡ ማን ነበረች? ኖርዌያዊቷ ግሬተ ዋይትዝ፤ ያንን ውድድር 9 ጊዜ ያሸነፈችው። በ2 ሰዓት ተኩል አካባቢ የምትጨርስ ሴት፣ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ከጎኑ ሳትለይ አብራው ጨረሰች። እኔ ሯጭ ለአዘጋጅ ካቀረበው ምስጋና ሁሉ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። ሌቦው በ1994 አረፈ። ሴንትራል ፓርክ ያለው ሐውልቱ ለውድድሩ ቀን ከቦታው ተነሥቶ መድረሻው አጠገብ እንዲቆም ይደረጋል።

በዚያችው ከተማ ምስጋና አሠራርም ሆኗል። የኒውዮርክ ሯጮች ማኅበር 9+1 የሚለው መርሐ ግብር አለው፤ አባሉ በዓመት 9 ውድድር ይሮጣል፣ በ1 ውድድር ደግሞ በበጎ ፈቃደኝነት ያገለግላል፣ በዚህም ለሚቀጥለው ዓመት ማራቶን መግቢያ ያገኛል። አንዳንዶች ይህማ ግዴታ ነው እንጂ ምስጋና አይደለም ይላሉ። እኔ አልስማማም። አንድ ጊዜ ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመ ሰው ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን እንዴት እንደሚጥል እዩት። ከማራቶን ወጣ ብንል፣ በ2004 ለንደን ውስጥ በ13 ሯጮች የጀመረው ፓርክረን የሚባለው የየሳምንቱ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም የሚቆመው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ከመነሻው በፊት ለነሱ ማጨብጨብ የተለመደ ሆኗል።

ምስጋና በቃል ብቻ አይደለም የሚገለጸው። በ38ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ትንፋሽ የለውም፤ አውራ ጣቱን ያነሣል፣ ደረቱ ላይ እጁን ያደርጋል፣ ወይም በዓይኑ ብቻ ያመሰግናል፤ በጎ ፈቃደኞቹም ይገባቸዋል። ከዚያ በላይ ግን አደራረግ አለ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ከመጋፋት አልፎ ወደ መጨረሻዎቹ መሄድ። ለመቆም ሲፈልጉ መጀመሪያ ዳር መውጣት። ብርጭቆን መሀል አስፋልት ላይ ሳይሆን ቆሻሻ መጣያው አካባቢ መጣል። የደረት ቁጥር ጀርባ ላይ በችግር ጊዜ የሚደወልለትን ሰው ስልክና ያለብንን ሕመም መጻፍ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሌላ ሰው ቁጥር ለጥፎ መሮጥ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ ሐኪሞቹ የሚያወጡት የሌላ ሰው ስምና የሌላ ሰው የሕክምና መረጃ ነው። የሚደወለውም ለሌላ ቤተሰብ። አዘጋጆቹን የሚያከብር ሰው ይህንን አያደርግም።

ማመስገን ማለት ጥፋትን መሸፈን ማለትም አይደለም። በ2007 የቺካጎ ማራቶን ላይ ሙቀቱ እጅግ በርትቶ ውድድሩ መሀል ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ ብዙ ሯጮች ጠረጴዛዎቹ ጋ ሲደርሱ ውሃ እንዳላገኙ ተናገሩ። መናገራቸው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው እንዲህ ባለ ጊዜ ስድቡን የሚቀበለው ባዶ ጄሪካን ታቅፎ የቆመው ልጅ መሆኑ ነው። ውሃው ስንት ጀሪካን ይሁን ብሎ የወሰነው እሱ አይደለም። ቅሬታ ለአዘጋጁ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ለልጁ «አይዞህ» ይበቃዋል።

ሁለት ዓመቶች ይህን ግንኙነት በደንብ አሳይተዋል። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒውዮርክን መትቶ ማራቶኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ከሩቅ አገር የመጡ ሯጮች ተናደዱ፤ እውነት አላቸው። እሁድ ዕለት ግን ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት የእርዳታ ቁሳቁስ በጀርባቸው አዝለው፣ ማራቶኑ ሊነሣበት ወደነበረው ስታተን አይላንድ ሄዱ፤ ቤታቸው በጎርፍ ለተጎዳባቸው ሰዎች አደረሱ። ሊያገለግሏቸው የተዘጋጁትን ሰዎች ሯጮቹ አገለገሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2013፣ በቦስተን ማራቶን መድረሻ አጠገብ ሁለት ቦንቦች ፈንድተው 3 ሰዎች ሞቱ፣ ከ260 በላይ ቆሰሉ። የደከመና እግሩ የተላጠ ሯጭ ለማከም የተተከለው ድንኳን በደቂቃዎች ውስጥ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። እዚያ የነበሩት ሐኪሞችና ነርሶች ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ የመጡ ነበሩ። በ2014፣ ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ እንዲያቆሙ የተገደዱ ከ5 ሺህ በላይ ሯጮች እንዲመለሱ ተጋበዙ፤ ከበጎ ፈቃደኞቹም ብዙዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ እኔን የሚቆረቁረኝን ልናገር። ምስጋናው በእኩል አይዳረስም። ሜዳሊያ የምታጠልቀው ትመሰገናለች፣ ውሃ የሚያቀብለው ይመሰገናል፤ ይገባቸዋልም። መኪና እየመለሰ ከሾፌሮች ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውለው ግን? የእሱ ቀን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሯጮቹ በጀርባው ነው የሚያልፉት። ሻንጣ የምታስረክበው፣ ሁሉም ቀዝቅዞትና ተነጫንጮ ሲመጣባት የምትውለውስ? ከሁሉም በላይ የመጨረሻዎቹ። ውድድሩ ከተጀመረ ስድስት ሰዓት አልፎ፣ ጠረጴዛው ሊታጠፍ ሲል፣ ገና የሚመጡ አሉ ብለው አንድ ጀሪካን አስቀርተው የሚጠብቁ አሉ። ከኋላ የሚሮጥ ሰው ያውቃቸዋል። ፈጣኖቹ ጨርሰው ሻወር ወስደው ተኝተዋል። የሚጠብቁት ሰው የሚበረታው በእውነት ነውና «ደርሰሃል!» ብለው አያታልሉትም፤ «3 ኪሎ ሜትር ቀርቶሃል፣ ቁልቁለት ነው» ይሉታል።

ለማመስገን ከፈለጋችሁ በዚያው ሳምንት ጻፉ። ለአዘጋጁ ቢሮ ሲጻፍ ኪሎ ሜትሩን ጥቀሱ፤ «30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በግራ በኩል ያለው ጠረጴዛ» ከተባለ አስተባባሪው የትኛው ቡድን እንደሆነ ያውቃል፣ ደብዳቤውንም ያደርስላቸዋል። በደፈናው «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ያለው ግን ማንም ጋ አይደርስም። ጊዜ ያለው ደግሞ ለቀጣዩ ውድድር ሰው የሚጠፋበትን ፈረቃ ይጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ያለው የመነሻው ሥራና ከውድድሩ በኋላ ያለው ጽዳት ነው።