የናፍጣ መኪና ነዳጅ መርጫ ብልሽት ምርመራ

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚለኩስ ብልጭታ የለም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ያግለዋል፤ ኢንጀክተሩ፣ ማለትም ነዳጅ መርጫው፣ በትክክለኛው ቅጽበት ናፍጣውን አድቅቆ ይረጭበታል፤ ቃጠሎውም በዚያው ይጀምራል። የሚረጨው ነዳጅ መጠን፣ ግፊት ወይም ጊዜ ጥቂት ሲዛባ ሞተሩ አልነሳም ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳል፣ ጉልበት ያጣል ወይም ያጨሳል።

እነዚህ ምልክቶች ግን ኢንጀክተርን ብቻ አያመለክቱም። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ይናገራል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም፣ የታፈነ የአየር ማጣሪያም፣ የተቀደደ የቱርቦ ቱቦም ያመጡታል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚታይ ነጭ ጭስም ከካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን ከሚያሞቀው ዕቃ) መቃጠል ወይም ከኮምፕሬሽን (ከአየሩ መታመቅ) ማነስ ሊመጣ ይችላል። ሳይለኩ ኢንጀክተር መቀየር ውድ ግምት ነው የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ናፍጣውን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በተራ የሚገፋው መካኒካዊ ፖምፓ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ) እየሠራ መካኒኩ የኢንጀክተር ቱቦዎቹን ዳዶ አንድ በአንድ ያላላል። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ደካማው ሲሊንደር እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ቤት መኪኖች የገባው ኮመን ሬል ግን ግፊቱን ሬል በሚባል አንድ የጋራ ቱቦ አከማችቶ ኢንጀክተሮቹን በኮምፒውተር ትእዛዝ ይከፍታል። ግፊቱ በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ከ2000 ባር ያልፋል። እዚህ ላይ ዳዶ ማላላት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የሚፈናጠረው ናፍጣ ጓንትን አልፎ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ ከውጭ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ፍሳሽንም በእጅ ዳስሶ መፈለግ አይገባም።

በኮመን ሬል ላይ ምርመራው የሚጀምረው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር በማንበብ ነው። ለምሳሌ ፒ0087 የሬሉ ግፊት ከሚፈለገው በታች መሆኑን ይናገራል፤ ያወረደው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። መርማሪው ኮምፒውተሩ የጠየቀውንና በሬሉ ውስጥ ያለውን ግፊት እያነጻጸረ፣ ፍለጋውን ከነዳጅ ማጠራቀሚያው በኩል ቢጀምር ይሻለዋል። የተደፈነ ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) እና ውሃ የገባበት ናፍጣ ቀላሎቹ ጥፋተኞች ናቸው። አየር የሚስብ ቱቦ ደግሞ አታላይ ነው፤ ፖምፓው ናፍጣውን በሚስብበት መስመር ላይ ያለ ስንጥቅ አየር ስለሚያስገባ መሬት ላይ ጠብታ ላይታይ ይችላል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ለጊዜው ቢገጠም አረፋው ሲያልፍ በዓይን ይታያል።

ቀጥሎ ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰው ናፍጣ በየራሱ ጠርሙስ ይለካል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ አንዱ ጠርሙስ ከጓደኞቹ እጅግ ቀድሞ ከሞላ፣ ያ ኢንጀክተር ከውስጥ ያፈሳል። ፍሳሹ ከበዛ ሬሉ ለመርጨት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ግፊት ስለማያገኝ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) በደንብ እያዞረ እንኳ ሞተሩ አይነሳም። ተመላሹ ደህና ሆኖ ግፊቱ ካነሰ ጥርጣሬው ወደ ፖምፓው፣ ወደ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ወይም በሬሉ ላይ ወዳለው የግፊት ማስተንፈሻ ይዞራል። ፊልትሮው ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከተገኘ ፖምፓውን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ብናኙ ወደ ሬሉና ወደ ኢንጀክተሮቹ ስለሚዘልቅ መስመሩ በሙሉ መፈተሽና መጽዳት አለበት።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲደክም ኢንጀክተሩን ከሌላው ጋር ማቀያየር ጥሩ ፈተና ነው። ችግሩ ኢንጀክተሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ነው፤ በቦታው ከቀረ ኮምፕሬሽኑ ይለካ። ኢንጀክተር በተፈታ ቁጥር የመዳብ ሮንዴላው (ከሥሩ የሚገባው ቀለበት) በአዲስ ይተካል። በብዙ ሞተሮች ላይም በኢንጀክተሩ አካል ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር በአዲሱ ቦታው ኮምፒውተሩ ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ይህ ከተዘለለ ደህና የሆነ ኢንጀክተር እንኳ የተሳሳተ መጠን ሊረጭ ይችላል።