ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ምን ማለት ነው?

ሙዚቃ ለሚወድ ጓደኛችሁ ዋጋው የማይከብድ የመደርደሪያ ስፒከር ስትመርጡ፣ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋቱ ላይ ነው። አምፕሊፋየር (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ውስጡ በሌለው ስፒከር ላይ ግን «100 ዋት» ማለት ሳይጎዳ የሚችለው የኃይል መጠን እንጂ የድምፁ ጉልበት አይደለም። ጉልበቱን የሚያሳየው በዴሲቤል የተጻፈው ቁጥር ነው፤ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም 85 የተጻፈበት ስፒከር 88 ከተጻፈበት እኩል እንዲጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። የጓደኛችሁ አምፕሊፋየር ደካማ ከሆነ እኔ 88ቱን እመርጣለሁ፣ የተጻፈበት ዋት ቢያንስም። የድምፁን ጥራት ግን ሁለቱም ቁጥሮች አይነግሯችሁም። ለእሱ ጓደኛችሁ የሚወደውን ዘፈን ከፍታችሁ፣ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) የዘፋኙን ድምፅ እንዳይውጠው ልብ ብላችሁ አዳምጡ።