የጊታር ኮርድና ግጥም በኮምፒውተር ሲጻፍ፣ ከጎጃም ሲታይ

ቃል ከታች፣ ምልክት ከላይ። ይሄ አጻጻፍ ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። የዜማ ተማሪ የሚያውቀው ድጓ እንዲሁ ነው፤ ግዕዙ በረድፍ ይጻፋል፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ እየተባሉ የሚጠሩት ምልክቶች በትንንሹ ይቀመጣሉ። ምልክቱን የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዶርም ውስጥ ጊታር የያዘ ልጅ የሚጽፈው የኮርድ ወረቀት፣ ማለትም ከግጥሙ በላይ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች ስም) የተጻፈበት ወረቀት፣ የዚሁ የሩቅ ዘመድ ነው። ሁለቱም ዜማውን በጆሮህ ሰምተሃል ብለው ነው የሚነሱት። ዘፈኑን ጭራሽ የማያውቅ ሰው በኮርድ ወረቀት ብቻ ሊዘፍነው አይችልም።

ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በወርድ ነው። ግጥሙን ይጽፋል፣ ከላይ ባለው መስመር ስፔስ እየመታ ኮርዱን ትክክለኛው ቃል ላይ ያደርሳል። በራስህ ስክሪን ላይ ቆንጆ ነው። እኔም ለአንድ ሠርግ አሥራ ምናምን ዘፈን እንዲህ አዘጋጅቼ ፍላሽ ይዤ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር እኔ የጻፍኩበት ፎንት አልነበረውም፣ በሌላ ተካውና ኮርዱ ሁሉ ወደ ግራ ተንሸራተተ፤ ኤፍ የሚመታበት ቃል ላይ ኤ ማይነር ተቀምጦ ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእኛ ፊደል ስፋቱ እኩል አይደለም፣ ጠ እና ር አንድ ቦታ አይፈጁም፣ ስፔሱ ደግሞ ከፎንት ፎንት ይለያያል። ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርጌ ብወስድ ኖሮ አልዋረድም ነበር።

ለዚህ የተሻለው መላ ኮርድፕሮ የሚባለው አጻጻፍ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣ፣ እስካሁን ብዙ የስልክና የታብሌት አፖች የሚያነቡት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ኮርዱን ከላይ አትጽፈውም። በማዕዘን ቅንፍ አድርገህ ከሚመታበት ፊደል ፊት ትሰካዋለህ፦

[ኤ ማይነር]አባይ ማዶ ሆና [ኤፍ]ጎጃም ተጣራ[ኤ ማይነር]ችኝ

ፕሮግራሙ ራሱ ኮርዱን አንሥቶ ከፊደሉ በላይ ያስቀምጠዋል። ፎንት ብትቀይር፣ ብታሳድግ፣ መስመሩ ቢታጠፍ ኮርዱ ከፊደሉ ጋር ይሄዳል። እዚህ በእኛ ፊደል ጻፍኩት እንጂ ፋይሉ ውስጥ ኮርዱ በላቲን ፊደል መሆን አለበት። በአማርኛ ከጻፍከው ፕሮግራሙ ኮርድ መሆኑን አያውቅም፣ ቶን ቀይርልኝ ስትለውም ዝም ይልሃል።

ዜማው ራሱ በኖታ ይጻፍ ከተባለ ግን ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው ሁነኛው። ነፃ ነው፣ አንዴ ከጫንከው ኔት አይፈልግም፤ ኔት እንደፈለገ በሚጠፋበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሲቤልየስና ጊታር ፕሮ በገንዘብ ናቸው። ፊናሌ የተባለው አንጋፋ በ2024 እ.ኤ.አ. ልማቱ መቆሙ ስለተነገረ አሁን እሱን መጀመር ትርፉ ድካም ነው፤ በሱ የተጻፈ የቆየ ሥራ ያለው ሰው ፋይሉን ሌሎቹ የኖታ ፕሮግራሞችም ወደሚያነቡት ሙዚክ ኤክስ ኤም ኤል ለውጦ ወደ ሌላው ቢያሻግር ይበጀዋል።

ሙዝስኮር ላይ ኖታውን መርጠህ ኮንትሮል እና ኬ ስትጫን የኮርድ ቦታ ይከፈታል፣ ኮንትሮል እና ኤል ደግሞ የግጥም። ግጥሙ ላይ ነው አማርኛ የሚያስቸግረው። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ኖታ ሥር አንድ ቀለም (በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የቃል ክፋይ) ይጠብቃል፣ ቀለምና ፊደል ደግሞ አንድ አይደሉም። የቅድሟን መስመር ቁጠራት፤ ፊደሏ 15 ነው፣ ቀለሟ ግን 12፣ ስድስት ስድስት ሆና የምትሄድ የወል ቤት ናት። «አባይ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ነው፦ አ፣ ባይ። «ተጣራችኝ» ውስጥ «ችኝ» አብሮ ነው የሚወጣው። ፊደሉን አንድ በአንድ ከበተንከው ሦስት ፊደል ኖታ አጥቶ ይተርፋል። ስለዚህ ሳድሱን ከፊቱ ካለው ጋር አጣብቀህ፣ በቀለሞች መካከል ሰረዝ እየመታህ ትሄዳለህ። የቅኔ ተማሪ ይሄን ከእኔና ካንተ ፈጥኖ ይሠራዋል፤ ቀለም መቁጠር የዕለት ሥራው ነው። ፎንቱን ደግሞ መጀመሪያውኑ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርገው፣ በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ግጥም ካለህም ቀድተህ አትለጥፈው፣ የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው የሚሆነው።

አዲስ ገጽ ስትከፍት የሚመጣው ምት 4/4 ነው። ችክችካ ከሆነ ወደ 6/8 ቀይረው፣ አለዚያ እስክስታው ማርሽ ይሆንብሃል።

ሌላው ጣጣ ቅኝቱ ነው። ኮርድ የሚሠራው ከሦስት ድምፅ ነው፣ የእኛ ቅኝት ያለው አምስት ድምፅ ብቻ። ትዝታ ሜጀርን ከሲ ብትነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው ያለህ፤ ከነዚህ ብቻ ሙሉ ሆኖ የሚወጣው ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ነው። ጂ ሜጀር ቢ ይፈልጋል፣ ቢ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ትዝታ ማይነር ከኤ ሲነሣ ኤ ማይነርና ኤፍ ይሰጥሃል፣ ከላይ ያለው መስመርም በነሱ ብቻ የሄደው ለዚያ ነው። አንቺሆዬ ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። ከሲ ስትነሣ ኤፍ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ማይነር ጎን ለጎን ይመጡልሃል፣ ሁለቱን ተከታትለህ ስትመታ ጎረቤት የተጣላ ነው የሚመስለው። እዚያ ላይ ኮርዱን ትቶ ዜማውን በታብ፣ ማለትም የትኛው ክር የት እንደሚያዝ በቁጥር መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ግን አልስማማ ብሎ ሰባት ድምፅ ካለው የፈረንጅ ቅኝት የወጣውን ኮርድ ሁሉ ይጭንበታል፣ ትዝታው ትዝታነቱ ይጠፋል።

ገጹን በተመለከተ፦ አንድ ዘፈን በአንድ ኤ ፎር ገጽ ይለቅ፣ እጅህ ጊታር ላይ ስለሆነ ገጽ የሚገልጥልህ የለም። አዝማቹን አንዴ ጽፈህ ቀጥሎ «አዝማች» ብቻ በል። ካፖ (የጊታሩን ክሮች ሁሉ አንገቱ ላይ ጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) የምትጠቀም ከሆነ ስንተኛው ፍሬት (የአንገቱ መስመር) ላይ እንደሆነ ከርዕሱ ሥር ይጻፍ።

ሶፍትዌሩ ዋጋውን የሚያወጣው ግን መድረክ ላይ ነው። ዘፋኟ ጉንፋን ይዟት «ትንሽ ዝቅ አርጉልኝ» ስትል ታብሌቱ ላይ አንድ ሁለቴ ነካ ታደርገዋለህ፣ ኮርዱ ሁሉ ይለወጣል። ክራር የያዘው ልጅ ግን ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ ማላላት አለበት፣ እሱ እስኪቃኝ ጊታሪስቱ አዲሱን ገጽ ከፍቶ ይጠብቃል።